የለመደ ጆሮና አዲስ ድምፅ፦ የሊንኪን ፓርክ መመለስ እንዴት ተደመጠ?

«ፍሮም ዚሮ» የተሰኘው የሊንኪን ፓርክ አልበም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2024 ለአድማጭ ሲደርስ ርዝመቱ 32 ደቂቃ ገደማ ነበር። መግቢያውን ጨምሮ 11 ትራክ ይዟል፤ የአንድ እግር ኳስ ጨዋታ የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ተሰምቶ ያልቃል። ይህን ያህል አጭር ሥራ በዚያ ዓመት የሮክ አድናቂዎችን አብዝተው ካከራከሩት አልበሞች አንዱ ሆነ። የጊታሩን ጥንካሬ፣ የግጥሙን ብስለት የመዘኑ አልጠፉም። የክርክሩ እምብርት ግን በአልበሙ ውስጥ የሌለ ሰው ነበር።

ያ ሰው ቼስተር ቤኒንግተን ነው። ዓለም ሊንኪን ፓርክን ያወቀው በእሱ ጉሮሮ ነው፤ በአንድ ዘፈን ውስጥ ከሹክሹክታ ተነስቶ ጣሪያ እስከሚሰነጥቅ ጩኸት የሚወጣ፣ ወዲያው ደግሞ የሚለዝብ ጉሮሮ። ጁላይ 20 ቀን 2017 በ41 ዓመቱ ራሱን አጥፍቶ ሲሞት ባንዱ ዝም አለ። እስከሚቀጥለው አዲስ አልበም ሰባት ዓመት አለፈ። ስለዚህ «ፍሮም ዚሮ»ን የከፈተ የቆየ አድናቂ ዘፈኑ ጥሩ ይሁን መጥፎ ከመጠየቁ በፊት የሚያጣራው ሌላ ነገር ነበረው፦ የእሱ ቦታ ምን ሆነ?

የአልበሙ ትልቁ ጥበብም ትልቁ ድክመትም ከዚሁ ጥያቄ ይነሳል። «ፍሮም ዚሮ» አድማጩ ምን ፍለጋ እንደሚመጣ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች የሠሩት ነው። የነጠላ ዜማዎቹ አወጣጥ፣ የድምፆቹ አገባብ፣ የትራኮቹ ቅደም ተከተል፣ ሁሉም የለመደን ጆሮ ከአዲስ ድምፅ ጋር ቀስ በቀስ ለማላመድ የተሰናዳ ነው። ማላመዱ በአብዛኛው ተሳክቷል። ባንዱ ከዚህ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ ግን አልበሙ ብዙም አይናገርም።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ባንዱ የተጠነሰሰው በ1996 በካሊፎርኒያ፣ አጉራ ሂልስ በምትባል ከተማ ነው። ማይክ ሺኖዳና ብራድ ዴልሰን የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ነበሩ፤ የመጀመሪያ ስማቸውም «ዜሮ» ነበር። የአዲሱ አልበም ርዕስ ወደዚያ ጥንስስ ይጠቁማል። ቤኒንግተን ከአሪዞና መጥቶ የተቀላቀላቸው በ1999 ሲሆን፣ በዓመቱ ኦክቶበር 24 ቀን 2000 «ሃይብሪድ ቲዎሪ» ወጣ።

ይህ አልበም የአንድን ትውልድ ጆሮ የቀረጸ ሥራ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም። በ2001 በአሜሪካ ከየትኛውም አልበም የበለጠ የተሸጠው እሱ ነበር፤ በ2020 ደግሞ በዚያው አገር የ12 ሚሊዮን ቅጂ ዕውቅና ተሰጥቶታል። ቀመሩ ቀላልና ብርቱ ነበር። ሺኖዳ ራፕ ያደርጋል፣ ቤኒንግተን አዝማቹን ያነሳል፣ ዴልሰን በከባድ ጊታር ከሥር ይደግፋል፣ ጆ ሃን ደግሞ ሸክላ እየፋቀና የተቀዱ ድምፆችን እየቆራረጠ ክፍተቱን ይሞላል። «ኢን ዚ ኤንድ» የተባለውን ዘፈን የሰማ ሰው ይህን የሥራ ክፍፍል በቀላሉ ይለየዋል፦ ፒያኖው ይከፍታል፣ ሺኖዳ ይናገራል፣ ቤኒንግተን ይጮኻል።

እንግዲህ የሊንኪን ፓርክ ድምፅ ከመጀመሪያውም የሁለት ሰዎች ጭውውት ነበር። ይህ ነጥብ በኋላ የተፈጠረውን ሁሉ ለማስረዳት ቁልፍ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ሌላው አለ። አድማጩ በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ የለመደው ግማሽ ድምፅ ዛሬም በሕይወት አለ፣ ዛሬም ይዘፍናል።

ሞት የገጠማቸው ባንዶች ብዙ ናቸው፤ የመረጡት መንገድ ግን ይለያያል። ሌድ ዜፕሊን ከበሮ መቺውን ጆን ቦንሃምን በሴፕቴምበር 1980 ሲያጣ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ እንደ ባንድ መቀጠል እንደማይችል አስታውቆ ስሙን ዘጋ። ኒርቫናም ከኩርት ኮቤን ሞት በኋላ በ1994 አበቃ። የጆይ ዲቪዥን ሰዎች ኢያን ከርቲስ በሜይ 1980 ሲሞት ሙዚቃውን ቀጠሉ፤ የድሮውን ስም ግን ትተው «ኒው ኦርደር» ተባሉ። ክዊን ከፍሬዲ መርኩሪ ሞት አራት ዓመት በኋላ በ1995 «ሜድ ኢን ሄቨን»ን ሲያወጣ፣ ሟቹ ትቷቸው በሄዱ ቅጂዎች ዙሪያ አዲስ ቅንብር ሠራ።

ዛሬ ይህ የመጨረሻው መንገድ ከምንጊዜውም የቀለለ ሆኗል። ቢትልስ በኖቬምበር 2023 «ናው ኤንድ ዜን»ን ያወጣው የጆን ሌነንን ድምፅ ከአንድ የቤት ካሴት ላይ በኮምፒውተር ጥበብ ለይቶ በማውጣት ነው። ሊንኪን ፓርክም ቢፈልግ ቁሳቁሱ በእጁ ነበር። እንዲያውም በፌብሩዋሪ 2023 «ሜቴኦራ» የተባለው አልበም 20ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ከዚያ ዘመን የቀረ «ሎስት» የተሰኘ ያልተሰማ ዘፈን ከቤኒንግተን ድምፅ ጋር አውጥቶ አድናቂውን አስደንቆ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ «ፍሬንድሊ ፋየር» ተከተለ። ባንዱ አዲስ ድምፃዊት ይፋ ከማድረጉ ከወራት በፊት አድናቂው ጆሮ ውስጥ የገባው «አዲስ» የሊንኪን ፓርክ ዘፈን የሟቹ ድምፅ ነበር ማለት ነው። ከዚህ የከበደ ንጽጽር አይገኝም።

ሴፕቴምበር 5 ቀን 2024 ባንዱ በቀጥታ ስርጭት በተላለፈ ዝግጅት አዲሱን አሰላለፍ ይፋ አደረገ። ድምፃዊቷ ዴድ ሳራ ከተባለው የሎስ አንጀለስ ሮክ ባንድ የመጣችው ኤሚሊ አርምስትሮንግ ናት። በከበሮው ወንበር ላይ ኮሊን ብሪተን ተቀመጠ፤ ነባሩ ከበሮ መቺ ሮብ ቦርደን ላለመመለስ ወስኗል። ብራድ ዴልሰን በአባልነት ቢቀጥልም በጉዞ ኮንሰርቶቹ ላይ ጊታሩን የሚጫወትለት አሌክስ ፌደር ነው። ከነባሮቹ በመድረክ ላይ የቀሩት ሺኖዳ፣ ጆ ሃንና ቤዝ ተጫዋቹ ዴቭ ፋረል ብቻ ናቸው። በዚያው ዕለት «ዚ ኤምፕቲነስ ማሽን» የተባለ ነጠላ ዜማ ተለቀቀ፤ የአልበሙ መውጫ ቀንም ተነገረ።

ሴት ድምፃዊት መምረጣቸው ብዙዎችን አስገርሟል። ነገር ግን ከአድማጩ ጆሮ አንጻር ሲታይ ብልሃት አለበት። የቤኒንግተንን ድምፅ የሚመስል ወንድ ቢያመጡ፣ እያንዳንዱ ኖታ ጎን ለጎን እየተቀመጠ ይመዘን ነበር፤ መምሰሉ እንደ ማስመሰል፣ አለመምሰሉም እንደ ጉድለት ይቆጠር ነበር። አርምስትሮንግ ግን ከቤኒንግተን ጋር የምትጋራው አንድ ነገር ነው፦ የድምፅዋ ሻካራነት። ከፍ ስትል ትሰነጠቃለች፣ ስትጮኽ ከደረቷ ታወጣዋለች። የቀረው ሁሉ የራሷ ነው።

ያም ሆኖ የእንጀራ እናት ዕጣ አላመለጣትም። ምንም ብታደርግ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የሌላ ሰው ነው። ከሙዚቃው ውጭ የተነሱ ጥያቄዎችም ነበሩ። ከዓመታት በፊት ድጋፍ ለመስጠት ብላ በአንድ ሰው የፍርድ ቤት ቀጠሮ ላይ መገኘቷ ሲነሳባት፣ መሄድ እንዳልነበረባት ኋላ ላይ እንደተረዳችና ከሰውየው ጋር ከዚያ ወዲህ እንዳልተነጋገረች በመግለጫ አስታወቀች። አንዳንዱ አድናቂ ይህን ተቀበለ፤ አንዳንዱ አልተቀበለም። አልበሙን ሳይሰሙ የዘጉትም ነበሩ።

ሰምተው ለመፍረድ የወሰኑት በመጀመሪያ ያገኙት «ዚ ኤምፕቲነስ ማሽን»ን ነው። ይህ ዘፈን እንዴት እንደተሰናዳ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ዘፈኑን የሚጀምረው ሺኖዳ ነው። የመጀመሪያውን ቤት እሱ ይዘፍናል፤ አዝማቹንም እሱ ያነሳል። አድማጩ ዜማውን፣ ቃላቱን፣ የጊታሩን ምት ከሚያውቀው ሰው አፍ ይማራል። አርምስትሮንግ የምትገባው ከዚያ በኋላ፣ በሁለተኛው ቤት ላይ ነው። አዝማቹ ተመልሶ ሲመጣ በእሷ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል። አድማጩ ያን ጊዜ የሚሰማው አስቀድሞ የለመደውን ዜማ ነው፤ የተቀየረው ጉልበቱ ብቻ ነው።

ይህ ዝም ብሎ የሆነ አገባብ አይደለም። አዲሷን ድምፃዊት በመጀመሪያው ሰከንድ ፊት ለፊት ቢያቆሟት አድማጩ ዘፈኑን ትቶ እሷን መመርመር ይጀምራል። አሁን ግን ስትመጣ ዘፈኑ ይዞታል። እሷ እንግዳ ሆና ሳይሆን፣ ዘፈኑ የሚጠብቀውን ከፍታ ይዛ ትገባለች። በእንግሊዝ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ እስከ 4ኛ ደረጃ የደረሰው ይህ ዘፈን የመላውን አልበም ስልት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያሳያል።

ስልቱ የተፈተነ ነው። አሊስ ኢን ቼይንስ ድምፃዊውን ሌይን ስቴሊን በኤፕሪል 2002 ካጣ በኋላ፣ በ2009 «ብላክ ጊቭስ ዌይ ቱ ብሉ»ን ይዞ ሲመለስ ተመሳሳይ መንገድ ተከትሎ ነበር። የባንዱ ነባር ጊታሪስትና ሁለተኛ ድምፅ የነበረው ጄሪ ካንትሬል ወደ ፊት ወጣ፤ አዲሱ ዊልያም ዱቫል ከጎኑ ሆኖ ድምፁን ቀላቀለ። የባንዱ መለያ ቀድሞም የሁለት ድምፅ ውህደት ስለነበር፣ አንዱ ሲተካ ውህደቱ አልፈረሰም። የሟቹ መታሰቢያ በሆነው የአልበሙ ርዕስ ዘፈን ላይ ኤልተን ጆን ፒያኖ ተጫውቷል። ከዚያ አልበም በፊት ባንዱ የስቱዲዮ አልበም ካወጣ 14 ዓመት ሆኖት ነበር።

እንዲህ ዓይነት ድልድይ ያልነበረው ባንድ ግን የሚገባው በቀጥታ ወደ ጥልቁ ውሃ ነው። ኤሲ/ዲሲ ቦን ስኮትን በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1980 አጥቶ፣ በብራያን ጆንሰን ድምፅ የተሠራውን «ባክ ኢን ብላክ»ን ጁላይ 25 ላይ ያወጣው ከአምስት ወር ብዙም ሳይርቅ ነው። ባንዱ ወደ ባሃማስ ሄዶ ቀዳ፤ ሽፋኑን ለሐዘን ጥቁር አደረገው፤ አልበሙንም በደወል ድምፅ ከፈተው። አድማጩ ለማወዳደር ጊዜ ሳያገኝ ዘፈኖቹ ቀደሙት። በአሜሪካ ብቻ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ዕውቅና ያገኘ ሥራ ሆነ። በተቃራኒው አይረን ሜደን በ1990ዎቹ ብሩስ ዲኪንሰንን በብሌዝ ቤይሊ ሲተካ፣ ሁለት አልበም ቢያወጣም አድናቂው ልቡን አልሰጠም፤ በ1999 ዲኪንሰን ተመለሰ። እዚያ የሞተ ሰው አልነበረም። ቀድሞ የነበረው ሰው በሕይወት እያለ ተተኪውን መቀበል ይበልጥ ሳይከብድ አልቀረም።

ሊንኪን ፓርክ ከኤሲ/ዲሲ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ፦ ጊዜው። በ1980 አድናቂ አንድ ወይም ሁለት ዘፈን በሬዲዮ ከሰማ በኋላ ሸክላውን ገዝቶ ቀሪውን በአንድ ቁጭታ ይሰማ ነበር። «ፍሮም ዚሮ» ግን በአንድ ቀን አልተሰማም። ከሴፕቴምበር 5 በኋላ በዚያው ወር 24 ላይ «ሄቪ ኢዝ ዘ ክራውን» ወጣ፤ ኦክቶበር 24 ላይ «ኦቨር ኢች አዘር»፤ ኖቬምበር 8 ላይ «ቱ ፌስድ»። መግቢያውን ካልቆጠርነው አልበሙ አሥር ዘፈን ነው፤ ከአሥሩ አራቱ ከመውጫው ቀን በፊት በአድናቂው እጅ ነበሩ። በሎስ አንጀለስ፣ በኒው ዮርክ፣ በሃምቡርግ፣ በለንደን፣ በሴኡልና በቦጎታ የተካሄዱት ኮንሰርቶችም ቀድመውታል። የመጀመሪያው ስሜት ተከፋፍሎ፣ በአሥር ሳምንት ውስጥ ጠብታ በጠብታ የተሰጠ ስሜት ነበር።

የአራቱ ቅደም ተከተልም ትርጉም አለው። በመጀመሪያው ሺኖዳ ይመራል። በሁለተኛው ሺኖዳ ራፕ ያደርጋል፣ እሷ አዝማቹን ትይዛለች፤ ይህም ከጥንቱ የሥራ ክፍፍል ጋር አንድ ነው። በሦስተኛው በ«ኦቨር ኢች አዘር» ሺኖዳ ዋናውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ለእሷ ይለቃል። የወጣበት ቀንም ኦክቶበር 24፣ «ሃይብሪድ ቲዎሪ» የወጣበት ዕለት ነው። አራተኛው «ቱ ፌስድ» ደግሞ በሸክላ ፍቅፋቂና በከባድ ጊታር ታጅቦ ወደ እ.ኤ.አ. 2000 ድምፅ ይመልሳል፤ ለናፋቂው አድናቂ የተላከ ስጦታ ይመስላል። መጀመሪያ አብሮ፣ ቀጥሎ እንደ ድሮው፣ ከዚያ ብቻዋን፣ በመጨረሻም ሁሉም ተደባልቆ።

«ሄቪ ኢዝ ዘ ክራውን» ላይ አንድ የሚታወቅ ቅጽበት አለ። ወደ መጨረሻው አርምስትሮንግ አንድ ጩኸት ትለቃለች፤ ሳትተነፍስ 15 ሰከንድ ገደማ ትቆያለች። አድናቂዎች ወዲያው ሰዓት ይዘው ለኩት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤኒንግተን በ2007 በወጣው «ጊቭን አፕ» ላይ 17 ሰከንድ የሚዘልቅ ጩኸት ትቶ ሄዷል፤ ያ ጩኸት በአድናቂዎቹ ዘንድ እንደ ስፖርት ክብረ ወሰን የሚጠቀስ ነው። ባንዱ ይህን ንጽጽር ሊሸሸው ይችል ነበር። እሱ ግን ራሱ ጠራው። ዘፈኑ የ2024ቱ የ«ሊግ ኦቭ ሌጀንድስ» የዓለም ሻምፒዮና መዝሙር ሆኖ ስለተመረጠም፣ ቤኒንግተንን በቅጡ የማያውቅ ወጣት የጨዋታ አፍቃሪ ሁሉ ይህን ድምፅ የሊንኪን ፓርክ ድምፅ ብሎ ተዋወቀው።

አልበሙ በሙሉ ሲደመጥ የቆየው አድናቂ ሳያስበው አንድ ጨዋታ ይጀምራል፦ ይህ ዘፈን ከየትኛው ዘመን ነው? «ከት ዘ ብሪጅ» በሚፈነጥዘው ከበሮው የ«ሚኒትስ ቱ ሚድናይት»ን «ብሊድ ኢት አውት» ያስታውሳል። «ሄቪ ኢዝ ዘ ክራውን» የ«ሜቴኦራ»ን «ፌይንት» ይጠራል። ዝግ ያለውና በኤሌክትሮኒክ ድምፅ የተሞላው «ኦቨርፍሎው» በ2010 ከወጣው «ኤ ታውዘንድ ሰንስ» የተቆረሰ ይመስላል። «ስቴይንድ» ወደ ፖፕ ያዘነበለውን የኋላ ዘመን ይነካል። አልበሙ የባንዱን የቀድሞ ቤቶች አንድ በአንድ እያንኳኳ ያልፋል።

ከዚህ ሰልፍ የሚያፈነግጠው «ካዡዋልቲ» ነው። ዘፈኑ ወደ ሃርድኮር ፐንክ የተጠጋ፣ ፈጣን፣ አቧራ የሚያስነሳ ነው። እዚህ ላይ አርምስትሮንግ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትጮኻለች፤ የሚገርመው ግን ሺኖዳም አብሯት መጮኹ ነው። ለሃያ ዓመታት የተረጋጋው ሰው ሆኖ የኖረ ድምፅ እዚህ ሲሻክር መስማት ለአድናቂው አዲስ ነገር ነው። የአልበሙ እውነተኛ ግኝት ያለውም እዚህ ላይ ይመስላል። በቀሩት ዘፈኖች እሷ የድሮውን ክፍተት ትሞላለች፤ በ«ካዡዋልቲ» ግን የእሷ መምጣት ነባሩን ሰው ራሱን ቀይሮታል።

የመዝጊያው «ጉድ ቲንግስ ጎ» ደግሞ በሌላ መንገድ ይለያል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጩኸቱ ይበርዳል፣ ሁለቱ ድምፆች በሐዘንና በጸጸት ስሜት ይነጋገራሉ። አልበሙ በኃይል ሊዘጋ በሚችልበት ቦታ ላይ ወደ ውስጥ መመለሱን የወደዱ ብዙ ናቸው።

ቅሬታውም ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ስለ ርዝመቱ ነው፤ ሰባት ዓመት ጠብቆ 32 ደቂቃ ማግኘት ያንሳል ተባለ። በዚህ ላይ አድናቂው የራሱን ትዝታ ቢመረምር ይጠቅመዋል፤ «ሃይብሪድ ቲዎሪ»ም «ሜቴኦራ»ም 40 ደቂቃ አይሞሉም። ያኔ አጭርነታቸው ጉልበት ይባል ነበር። ሁለተኛው ቅሬታ ይበልጥ ውሃ ያነሳል፦ አልበሙ ለአደጋ ራሱን አያጋልጥም። የሚያስደስተውን ያውቃል፣ እሱኑ ይሰጣል።

ይህ ቅሬታ ታሪክ ያለው መሆኑ ነገሩን አስገራሚ ያደርገዋል። ሊንኪን ፓርክ በ2007 ከሪክ ሩቢን ጋር ሠርቶ «ሚኒትስ ቱ ሚድናይት»ን ሲያወጣ፣ የጥንቱን ድምፅ ከዳ ተብሎ ተወቀሰ። በ2010 «ኤ ታውዘንድ ሰንስ» ሲወጣ፣ ጊታሩ የት ሄደ ተባለ። በ2014 «ዘ ሃንቲንግ ፓርቲ» ጊታሩን መልሶ ሲያመጣ ደግሞ የጥንቱ ውበት ጎደለው ያሉ ነበሩ። ባንዱ ሲለወጥ ተወቀሰ፤ በ2024 ሳይለወጥ ሲመለስም ተወቀሰ። የመጀመሪያ ስሜት ሁልጊዜ የሚለካው ከወጣው አልበም ጋር ብቻ ሳይሆን፣ አድናቂው በጭንቅላቱ ከሠራው አልበም ጋር ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረው የ«ዋን ሞር ላይት» ታሪክ ነው። ሜይ 19 ቀን 2017 ሲወጣ በአሜሪካ ሰንጠረዥ 1ኛ ሆኖ ቢጀምርም፣ ከነባር አድናቂዎች የገጠመው ተቃውሞ መራር ነበር። ለስላሳ ነው፣ ፖፕ ነው፣ ሮክ አይደለም ተባለ። ቤኒንግተን ራሱ በቃለ መጠይቆች ላይ ንዴቱን አልደበቀም። ሁለት ወር ሞላ፣ ድምፃዊው ሞተ። በዚያው አልበም ላይ ያለው የርዕሱ ዘፈን፣ በካንሰር ለሞተች የባንዱ ወዳጅ የተጻፈው፣ የራሱ የድምፃዊው መታሰቢያ ሆነ። ግንቦት ላይ ባዶ ነው ያሉት አድማጮች ነሐሴ ላይ ያንኑ አልበም እያለቀሱ ሰሙት። ከተቀዳው ድምፅ አንዲት ኖታ እንኳ አልተቀየረችም።

«ፍሮም ዚሮ» የተሰማው ይህን ታሪክ በሚያውቅ አድማጭ ነው። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ለመፍረድ ፈርተው እንደነበር ከሚያሳዩት ምልክቶች አንዱ፣ ተቺዎችም አድናቂዎችም ስለ አልበሙ ሲናገሩ ስለ ዘፈኖቹ የሚሉትን ያህል «ቀጥለው መሥራት ነበረባቸው ወይ?» በሚለው ላይ መቆየታቸው ነው። ለዚህ ጥያቄ የሰንጠረዡ መልስ ግልጽ ነበር። አልበሙ በእንግሊዝና በጀርመን 1ኛ፣ በአሜሪካው ቢልቦርድ 200 ደግሞ 2ኛ ሆኖ ጀመረ። በወጣበት ዕለት ባንዱ በብራዚል፣ በሳኦ ፓውሎ መድረክ ላይ ነበር። ሕዝቡ የድሮዎቹን ዘፈኖች ከአዲሷ ድምፃዊት ጋር በአንድ አፍ ሲዘፍን፣ የቦታ ጥያቄው ቢያንስ በመድረኩ ላይ ተመልሷል።

ሌላው የዘመኑ ምሳሌ ፉ ፋይተርስ ነው። ከበሮ መቺው ቴይለር ሆኪንስ በማርች 2022 በቦጎታ ሲሞት፣ ባንዱ በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ «በት ሂር ዊ አር»ን ሲያወጣ ከበሮውን የመታው ድምፃዊው ዴቭ ግሮል ራሱ ነበር። ሐዘኑን በቀጥታ ዘፈነው። «ፍሮም ዚሮ» ይህን አላደረገም። በአልበሙ ላይ የቤኒንግተን ድምፅ የለም፤ ሐዘኑን ፊት ለፊት ይዞ የሚወጣ የሙሾ ዘፈንም አይታወቅበትም። ግጥሞቹ በአብዛኛው ስለ ተንኮል፣ ስለ መታለልና ስለ መቆራረጥ ናቸው፤ ባንዱ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቃቸው ጉዳዮች። አንዳንድ አድናቂ ይህን እንደ ዝምታ አየው፤ እንደ ጨዋነት ያየውም አለ። አንዲት አዲስ ድምፃዊት የማታውቀውን ሰው ሐዘን በሌሎች ፋንታ እንድትዘፍን ማድረግ ከባድ ሸክም ይሆን እንደነበር መካድ አይቻልም።

በ2025 ነገሩ ወደ ተራ የባንድ ኑሮ ገባ። በማርች «አፕ ፍሮም ዘ ቦተም» ወጣ፤ ሜይ 16 ላይ አልበሙ ሦስት አዳዲስ ዘፈኖች ተጨምረውበት እንደገና ታተመ፤ በዚያው ወር 31 ቀን ባንዱ በሙኒክ ከቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ በፊት ለስታዲየሙ ተጫወተ። ያን ጊዜ አርምስትሮንግን እንደ እንግዳ ማቅረብ አላስፈለገም።

የቀረው ፈተና የሚቀጥለው አልበም ነው። «ባክ ኢን ብላክ» በአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ የደረሰበት ከፍተኛው ቦታ 4ኛ ነበር፤ በዚያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ 1ኛ የሆነው የኤሲ/ዲሲ አልበም በ1981 የተከተለው፣ የብራያን ጆንሰን ሁለተኛ ሥራ ነው። በመጀመሪያው የተሰበሰበው አድማጭ በሁለተኛው ላይ ገንዘቡን ከፈለ። ሊንኪን ፓርክም ቀጣዩን ሲያወጣ አድማጩ የቤኒንግተንን ቦታ ፍለጋ አይመጣም፤ ያን ፍለጋ «ፍሮም ዚሮ» ላይ ጨርሶታል። በእጁ የሚይዘው መለኪያ አርምስትሮንግና ሺኖዳ በ«ካዡዋልቲ» ላይ ያሳዩት ድፍረት ነው። በዚያ መለኪያ ሲመዘን የድሮ ቤቶችን ማንኳኳት ብቻውን አይበቃቸውም።